የዊዳድ የደረት ጥልፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ወይራ ስንለቅም ዋልን። ሁለት ጆንያ ሞላ።

ጽፌው የማላውቀውን ዛሬ ልጻፍ። እህቴ ዊዳድ መሞቷን ካወቅሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ለልጇ ለናሪማን አልነገርኳትም።

የካቲት 7 ስልኬ ላይ ነው ያየሁት። ዊዳድ የምትኖርበት ኻን ዩኒስ፣ የፈረሰ ፎቅ። የዐሥራ አራት ሰከንድ ቪዲዮ። ሰዎች ፍርስራሹን በእጃቸው ይቧጥጣሉ። አንዲት ሴት እግሯን ይዘው ጎትተው አወጡ። ፊት የላትም… ፊቷ የነበረበት አቧራና ሥጋ ነው። ቀሚሱን ግን አወቅሁት። ደረቱን የጠለፈችላት ባለቤቴ ኑዝሃ ናት፣ አላህ ይዘንላት። ቀይ ክር አልቆባት የግራውን ጥግ በብርቱካንማ ጨረሰችው። "ማን ያየዋል" ብላ ሳቀች።

እኔ አየሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ናሪማን ከኻን ዩኒስ ለትምህርት መጥታ በጦርነቱ መንገዱ ከተዘጋባት ወዲህ እኔ ጋ ናት። በየጠዋቱ እናቷ ጋ ትደውላለች። ዝግ ነው። ከዚያ መርፌዋን ታነሳለች። የምትጠልፈው ስልኳ ላይ ያየችውን ነው። በአህያ ጋሪ የተጫነ ሬሳ። የተቆረጠ የልጅ እግር፣ ካልሲው እንዳለ። ደሙን በመስቀለኛ ስፌት፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች።

ጎረቤታችን ኡሙ ረስሚ አየችው። "እኛ ዝግባና ጨረቃ ነበር የምንጠልፈው። አንቺ ሬሳ ትጠልፊያለሽ። ማን ሊያገባሽ ነው?"

"ባል ሲመጣ ገልብጬ አሳየዋለሁ። ጀርባው ንጹሕ ነው።"

ተሳሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት ሳቅሁ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ከጁምዓ በኋላ ኢማሙ ለሞቱት ሁሉ፣ አስከሬናቸው በሌለበት፣ የጀናዛ ሶላት አሰገደን። የዊዳድን ስም በልቤ ብቻ አልኩ። ሟቹን የደበቀ ሰው ዱዓው ይደርሳል?

ለናሪማን አዝኜ ነው የደበቅሁት እላለሁ። ውሸት። ጩኸቷን ፈርቼ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
"አጎቴ፣ ይቺን ይዩልኝ።" አዲስ ጨርቅ። በር ላይ የቆመች ሴት፣ ደረቷ ገና ባዶ። "እማዬ ናት። በሕይወት ያለ ሰውም ይኑርበት ብዬ። ያ የኑዝሃ ጥልፍ እንዴት ነበር? እርስዎ አይረሱትም።"

"ረሳሁት" አልኳት።

ሌላ ውሸት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ከዙሁር ሶላት በኋላ ነገርኳት። ስልኩን ሰጠኋት። ሦስት ጊዜ አየችው። በአራተኛው አስቁማ፣ የጥልፉን ብርቱካንማ ጥግ በሁለት ጣቷ አሰፋችው። አልጮኸችም።

"ስደውል እየሰማህ? ስምንት ወር?"

"እየሰማሁ።"

መታችኝ። ደረቴን፣ ፊቴን። የክር መቀሷ እጇ ላይ ነበር፣ ትከሻዬን ወጋኝ። እጇን አልያዝኩም። ሲደክማት መሬት ላይ ተቀመጠችና ጨርቁን ነክሳ ጮኸች… ያ የፈራሁት ጩኸት። አልሸሸሁም።

ከዚያ የሞት ማስታወቂያውን ጻፍኩ። ስሟን፣ የሞተችበትን ቀን። ለቅሶው ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን፣ እኔ ቤት። ከመግሪብ በፊት ሄጄ የመስጊዱ በር ላይ ለጠፍኩት። የኡሙ ረስሚ ባል ቆሞ አነበበ።

"ቀኑን ተሳስተሃል" አለኝ። "የካቲት ብለሃል እኮ።"

"አልተሳሳትኩም" አልኩት።