አንድ ሸክም ሳር

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲመታው እማዬ ሰው የጠራት እየመሰላት ትወጣለች። የበግ ጠጉር ባናህ እኔ ዘንድ ነው፤ እሱኑ ደርቤ ነው የምጽፍልህ። የማስተምርበት ከተማ እንደ አገራችን ዘመሮ አይበርድም። እኔን ግን ሰሞኑን ይበርደኛል።

ዩኒቨርሲቲ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በትምህርት ክፍላችን ሴት መምህር እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ስገባ አንዱ ተማሪ "እህት፣ ቶሎ ተቀመጪ፣ መምህሩ ሊመጣ ነው" አለኝ። ያኔ ሳቅሁ። በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቷ ያምራል ይላሉ። በውጤቴ እንደተቀጠርኩ እያወቁ ሻይ ቤት ሲቀመጡ "ማን ነው ያስገባት?" ይባባላሉ። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች። አንድ ባልደረባዬ ቤቱ ካልመጣች እንደሚጥላት የጻፈላትን መልእክት ከስልኳ አሳየችኝ። እኔ እዚህ ስመጣ የኪራይ ቤት ያፈላለገልኝ እሱ ነው። ልጅቷ ብቻዬን አላመለክትም አለች። ያየሁትን ጽፌ ፈረምኩ።

ወሬው ወደ እኔ ዞረ። ውሽማው ነበረች፣ ሲተዋት ቂም ያዘች ተባለ። የክፍሉ ኃላፊ ጠርቶ "ለአንዲት ተማሪ ብለሽ የሰው እንጀራ ትዘጊያለሽ?" አለኝ። በቢሮዬ በር ስር "አገርሽ ግቢ" የሚል ወረቀት አገኘሁ። ሁለት ቀን አንድ ሞተር ሳይክል እስከ ሰፈሬ ተከተለኝ፤ አሁን መንገድ እየቀያየርኩ ነው የምገባው። ወሬው ዘመሮ ደርሶ እማዬ ደወለች። "ተይው ልጄ፣ ስምሽ ከጠፋ ማን ያገባሻል?" አለች።

ነገ ጠዋት ምስክር ሆኜ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። አምስቱም ወንዶች ናቸው። ተማሪዋ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ካልመጣች ብቻዬን ነኝ።

ቀኑን ሙሉ ያቺን እሁድ ሳስብ ዋልኩ። የጋራ የሳር መሬታችን ጓሳ ተዘግቶ ማንም ሳር እንዳያጭድ የተከለከለበት ዓመት ነው፤ አጥቢያው ጠባቂ አድርጎ መርጦሃል። ታናሽ ወንድምህ አንድ ሸክም ሳር በፈረሱ ጭኖ ሲወርድ አንተ ብቻ አየኸው። በታመምክበት ክረምት ማሳችንን ያረሰው እሱ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አውደ ምሕረቱ ላይ ቆመህ ስሙን ጠራህ። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። የያዝከው ዱላ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ መስሎኝ የባናህን ጫፍ ሳብ አድርጌ ደረትህን ሸፈንኩልህ። "ለአንድ ሸክም ሳር ወንድሙን ሸጠ" ተባልክ። አጎቴ እስክትሞት ደጃችንን አልረገጠም። በቀብርህ ቀንም ራቅ ብሎ ነው የቆመው።

ፈርተህ ነበር፣ አባዬ። የገባኝ ዛሬ ነው።

ነገ ባናህን አልለብስም፤ ከገጠር መጣች ብለው ይስቁብኛል። እጄ ሲንቀጠቀጥ አምስቱም ያዩታል። ያንን ዱላ አልረሳውም። እኔም የባልደረባዬን ስም እጠራለሁ።

ልጅህ