መውጫ ያልተቆፈረለት ቦይ፦ የአቶ ኃይለገብርኤል ደራራ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኃይለገብርኤል ደራራ ከአባታቸው ከአቶ ደራራ ለታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሮሚ ቱፋ በ1946 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1970 ዓ.ም. ሮቤ አካባቢ በመንግሥት እርሻ የኮምባይነር ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም በዚያው ሥራ ቆዩ።

በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሽቶ ጅሩ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ፌበንን ወለዱ። ሮቤ ላይ፣ ተዳፋት ቦታ ላይ፣ ከሥሩ ምድር ቤት ያለው ቤት ሠሩ። የሰፈሩ እድር ዳኛ ሆነውም ለረጅም ዘመን አገለገሉ። ዝናብ ይሁን ብርድ፣ የሟች መቃብር ተቆፍሮ ሳያዩ ቤታቸው አይገቡም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ወ/ሮ ሽቶን ስትሮክ መታቸውና እግራቸው ታሰረ። ደረጃ መውጣት ስለማይቻል ምድር ቤቱ ውስጥ ተኙ፤ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ከውጭ በሩ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ይገባል። በኋላ የሰፈሩ መንገድ ድንጋይ ሲነጠፍበት ከግቢው ከፍ አለ፤ ጎርፉም በዚያው ቁልቁለት እየወረደ የታማሚዋን ደጃፍ ይመታ ጀመር። ባለፈው ክረምት አልጋቸው ሥር ገባ። መነሳት የማይችል ሰው ተኝቶ ውሃ ሲመጣበት ማየት እንዴት ያለ ጭንቅ ነው!

ወንድማችን ዘንድሮ ዶማ አነሱ። በምድር ቤቱ በር ፊት ቦይ ቆፍረው፣ በሲሚንቶ ለስነው፣ ፍርግርግ ብረት ገጠሙበት። የቀረው ውሃውን ከቦዩ ተቀብሎ በቤቱ ጎን ከታች ወዳለው ወንዝ የሚያወርደው ቱቦ የሚቀበርበትን መቆፈር ነበር። እድሩ ያግዝዎት ብንላቸው፣ እድር የሚጠራው ለለቅሶ ነው፣ ዳኛ ሆኜ የሰው ጉልበት ለግቢዬ አላዝም ብለው እምቢ አሉ። በዚህ እምቢታቸው እኔ እህታቸው ዛሬም እናደድባቸዋለሁ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቀደማቸው። ቦዩ መውጫ ስላልነበረው ሞልቶ ወደ በሩ ሲመለስ፣ ዝናብ ውስጥ ቆመው ለቱቦው መረሬውን ጭቃ ሲምሱ ዋሉ። ወ/ሮ ሽቶ ከአልጋቸው ሆነው፣ “ማሎ፣ እባክህ አባ ፌበን፣ እኔን ውሃው ይውሰደኝ፣ አንተ ግባ!” እያሉ ቢጮኹም አልገቡም። ጉድጓዱ ሳያልቅ ዝናቡ አባርቶ ውሃው ቤት ሳይገባ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ እሳቸውን ግን የሳንባ ምች ያዛቸው። በጎባ ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

የእድራችን ወንዶች፣ ዛሬ ጠዋት የዳኛችሁን መቃብር ቆፍራችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እሳቸው አፍረው ያልጠየቋችሁን እኔ እህታቸው ጤቤ ሳላፍር እለምናችኋለሁ። እነሆ ለለቅሶ ተጠርታችኋል። ከቀብር ስትመለሱ ዶማና አካፋውን ዕቃ ቤት አታስገቡት፤ ወደ ግቢው ይዛችሁት ኑ። ወ/ሮ ሽቶ እዚያው ታች ናቸው፣ ሰማዩም ጠቁሯል።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን፤ ዝናቡንም እስከ ማታ ይያዝልን።