የባክስተር ወረቀት

አንቺ ሎረታ፣ ስድስት ወር ሙሉ ያቀድነውን ጉዞ በር ላይ ጉድ አደረግሽው! የፓርኩ ጠባቂ ፈረስሽ ከበሽታ ነፃ መሆኗን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ወረቀት አይቶ፣ «እመቤት፣ ይሄ ግንባረ ቦቃ ወንድ ፈረስ ይላል፤ ይቺ ደግሞ ጥቁር ባዝራ ናት» አይለኝም?

ለካ ያሸግሽልኝ ካቻምና የሞተብሽን ፈረስ የባክስተርን ወረቀት ነው! ሐኪሙ ትክክለኛውን በስልክ እስኪልክልኝ፣ ሰው ሁሉ ጫካው ጥላ ሥር ፈረሱን አስሮ ቋሊማ ሲጠብስ፣ እኔና ባዝራሽ ፀሐይ ላይ ተገተርን። እኛ ሰፈር ፈረስ በስሙ ይታወቃል፤ እዚህ ወረቀት ከሌለው ፈረስም አይደለም!

ስመለስ አልለቅሽም ብዬ ዝቼ ነበር። ወረቀቱን ሳጥፈው ግን መታጠፊያው በመከፈት ብዛት ሊበጠስ መድረሱን አየሁ፤ ለካ እስከ ዛሬ እየከፈትሽ ታይው ኖሯል።

ልጅሽን ሮይን ሳሚልኝ፤ የተሰበረውን እግርሽንም አሳርፊው። ወረቀቱን ለፖስታ ቤት አደራ አልሰጥም፤ ራሴ አመጣልሻለሁ።

ዋንዳ