ሙና ያልበላችው ምሳ

ሙንዬ፣ የልጄ እናት፣

አሰላሙ ዓለይኪ። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ያብራልሽ። ካለፍሽ ዓመት ሊሞላ ነው። ባለፈው ዓመት የዒድ ማግስት ነበር ከጎባ አስከሬንሽን ይዘን ወደ ሮቤ የተመለስነው፤ አሁን ደግሞ ረመዳን ገብቷል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ስንተጫጭ የጻፍኩልሽን እያነበብሽ ስንት ጊዜ ስቀሽብኛል። ዛሬም ከፈለግሽ ሳቂ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ኢክራም ቆማ ሄደች። ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው፣ ግን ሄደች። ሳስቶ የነበረው ፀጉሯ አሁን ይጎነጎናል። ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክንድ የሚለኩበት ባለቀለም ሪባን አለ አይደል? አንቺ እንደሄድሽ የሷ ክንድ ቀዩ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ አሁን አረንጓዴው ላይ ደርሳለች፣ አልሐምዱሊላህ። ስትወድቅ አታለቅስም፣ ትሳደባለች። ምን እንደምትል ባይገባኝም ስድብ መሆኑ ግን ያስታውቃል። ይሄ ካንቺ የወረሰችው ነው።

ወፍጮ ቤቱ እንዳለ ነው። ከጎሮ በኩል የሚመጣው ስንዴ ዘንድሮ ብዙ ስለሆነ ሞተሩ አያርፍም። ከቤታችን ጀርባ፣ ልብስ ታሰጪበት በነበረው ቦታ ላይ ጎመን ተክያለሁ። ዶሮዎችም ገዝቻለሁ። ለማን እንደሆነ ልንገርሽ።

ኢክራምን ያጠባቻት ራህማ ናት፣ የአዳዳ ሩቂያ ልጅ። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት እንደመጣች ታስታውሻለሽ። ባሏ አንገቱ በሚባለው አገር ቡና ላይ ነው የሚሠራው። አንቺን ስናጣ የሷ ልጅ ገና ጨቅላ ነበር። ከቀብር መልስ ኢክራምን ከእጄ ተቀብላ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ጥግ ሄዳ ጡቷን ሰጠቻት። በዚያው የጡት እናቷ ሆነች። ለኢክራም ስትል እስከ ዛሬ ወደ ባሏ አልተመለሰችም።

ግን ቤቱ የአዳዳ ቤት ነው። የአባቴ እህት፣ እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ፣ አንቺ በወለድሽ ጊዜም ጓዳችንን የተረከቡት። ሰፈሩ ሁሉ ሴት ሲወልድ የሚጠራው እሳቸውን ነበር። ክብራቸው እሱ ነበር። እኔም ይሄንን ነው ልነጥቃቸው የተነሳሁት።

ጎባ ሆስፒታል ያለችው ነርስ፣ ያቺ ከሩቅ አገር የመጣችው፣ የዓይንሽን ቆብ ገልብጣ አይታ ደምሽ ማለቁን ስትነግረኝ ቀጥላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከወለደች ጀምሮ ምን ትበላ ነበር?» መርቃ አልኳት። የገብስ ገንፎ ማለት ነው ብዬም አስረዳኋት። ጎመንስ? ሆድ ይነፋል ተብሎ ተከልክላለች። እንቁላልስ? የልጅ ምላስ ያስራል ተብሎ። ሥጋ? ለጠያቂ እንግዳ ነው የሚሠራው። ውኃስ እንደልቧ ትጠጣ ነበር? ብርዱ በወተቱ አልፎ ልጅቷን ይመታታል ተባለ። ረመዳን ሲገባስ? ጾመች አልኳት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስትወልጂ የፈሰሰሽን ደም የሚተካ ነገር ሆድሽ አለመግባቱን፣ የምታጠባ ሴት ካልበላች ወተቱ ከራሷ ሥጋና አጥንት እየተቆረሰ እንደሚወጣ፣ ወተቱ ለጊዜው ስለማይቆም ሰው ሁሉ ደህና ናት ብሎ እንደሚታለል፣ ቆይቶ ግን ለልጁም የሚደርሰው የተጓደለ እንደሚሆን ቀስ ብላ ነገረችኝ። ያን ጊዜ አንቺ ትራስ ላይ ሆነሽ ኢክራም ጠብታ እንደሆነ በዓይንሽ ትጠይቂኝ ነበር። ዘግይተን ነበር የደረስነው። ልብሽ አልቻለም።

ሸሪዓው ለምታጠባ ሴት አለመጾም መፍቀዱን ሼሁ በየዓመቱ ይናገራሉ። አንቺም ታውቂ ነበር። ግን ዒድ ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ እየበላ ብቻን ቀዷ ማውጣት፣ ያልጾሙትን ቀን መክፈል፣ ይከብዳል፤ ስንቷ የሰፈራችን ሴት ከዚያ ፍራቻ ብቻ ልጅ በጀርባዋ አዝላ ትጾማለች። አንቺ ልትተዪው ነበር። ከዚያ አዳዳ ጠያቂ በሞላበት ክፍል «የዛሬ ልጅ ሸሪዓው ትዝ የሚላት ሆዷ ሲጮኽ ነው» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ። በማግስቱ ለመጾም ሌሊት ሱሑር ልትበዪ ተነስተሽ አገኘሁሽ።

ያ ሳቅ ከጆሮዬ አይወጣም። የሳቁትን ሁሉ በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ እህል ይዘው ወደኔ ነው የሚመጡት።

ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ለአራስ መርቃ ገብስ ልታስፈጭ የምትመጣ ሴት ሁሉ ከኔ ሳትሰማ አትወጣም። ሙና እንዴት እንደሞተች እነግራታለሁ። ማን ጓዳውን እንደያዘም እነግራታለሁ። ስም አልደብቅም። እንዲህ እያልኩ ወራት አለፉ። አሁን ሴት ስትወልድ አዳዳን የሚጠራ የለም። በር ላይ ቁጭ ብለው ጥሪ ሲጠብቁ አያቸዋለሁ፤ አልፌያቸው እሄዳለሁ።

ደግሞ በየቀኑ ቤታቸው እገባለሁ። ጎመኑን፣ እንቁላሉን፣ ጉበት ያገኘሁ ቀን ጉበቱን ጠብሼ፣ አንድ ጆግ ውኃ ይዤ እሄድና ራህማ ፊት አስቀምጣለሁ። በልታ እስክትጨርስ አዳዳ እያዩኝ እቀመጣለሁ። ራህማ መጀመሪያ አፈረች። በኋላ ግን ለመደችና «ወንድሜ፣ ለዒድ ልታርደኝ ነው እንዴ እንዲህ የምታደልበኝ?» ትለኛለች። ሁለት ልጅ እያጠባች ጉንጯ ሞላ። አዳዳ አንድ ቀን «እኔ ለልጄ አላውቅላትም?» አሉኝ። «ለሙናም ያውቁላት ነበር» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ኢክራም የምትጠባው ወተት በሳቸው ጓዳ እንዳይቀጥን ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹ ፊታቸውን ለማየት ነበር።

ራሴን እመረምራለሁ፣ ሙንዬ። ሰግጄ እጄን ስዘረጋ ካንቺ ስም በፊት የሳቸው ስም የሚመጣብኝ ቀን አለ፤ የሚመጣውም በመልካም አይደለም። ደግሞ ለራሳቸው ልጅም ያንኑ መርቃ፣ ያንኑ ክልከላ ይዘው እንደነበር አይቻለሁ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ለልጃቸው ባላደረጉት። ይሄን አውቄዋለሁ፤ አውቄውም ልቤ አልበረደም። ባለማወቅ የገደለብኝን ሰው ክፉ ልለው አልችልም፤ የሞተችብኝ ሚስት ግን ያው አንድ ናት።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሰው አፉ ይባባላል፣ ይቅር ይባባላል አይደል? አዳዳ ወፍጮ ቤት መጡ። ሴቶች ከነጆንያቸው ተሰልፈው ነበር። «ልጄ፣ አፉ በለኝ» አሉኝ፣ ሁሉም እየሰማ። እኔ ሞተሩን አስነሳሁት። ድምፁ ሁሉን ዋጠው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ምንም አልሰማም። ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አልሄዱም። ዱቄት ነጠላቸው ላይ እየበነነ የመጨረሻው ጆንያ እስኪያልቅ ቆሙ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ሴቶቹ ግማሾቹ ዱቄታቸውን ይዘው አልወጡም ነበር።

«አፉታው የሙና ነው፣ እኔ ልሰጥዎ አልችልም» አልኳቸው። «ከኔ የሚፈልጉ ከሆነ ግን ረመዳን ከገባ ቀን ጀምሮ፣ ከዙህር በፊት፣ ሰው ወደ መስጊድ ሲያልፍ፣ የግቢዎን በር ወለል አድርገው ከፍተው ለራህማ በገዛ እጅዎ ምሳ ይሥሩ። ሥጋም፣ ጎመንም፣ እንቁላልም። ለምን ብሎ ለጠየቀ ሁሉ በአፍዎ ይመልሱ።»

አዳዳ ነጠላቸውን ጥብቅ አድርገው ያዙ። «በጾም ቀትር፣ በር ከፍቼ? ሰው ምን ይላል?»

«ሙና የሞተችው ይህችኑ ቃል ፈርታ ነው» አልኳቸው።

ከሳቁት አንዷ፣ ያቺ ያን ዕለት መስኮት ሥር ተቀምጣ የነበረችው፣ ጆንያዋን ትታ ወጣች።

የመጀመሪያው ቀን ደረሰ። ያደርጉታል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ግን በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። አዳዳ ግቢው መሐል እሳት አንድደው ጎመንና ሥጋ ይቀቅላሉ። እሳቸውም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ፤ የሥጋው ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ራህማ ሁለቱን ልጆች ይዛ ተቀምጣለች፣ ቀና ብላ ማየት አቅቷታል። ሰው ያልፋል፣ ቀስ ይላል፣ ዞሮ ያያል። አንዲት የጊኒር ነጋዴ ሴት «አዳዳ! በረመዳን?» ብላ ጮኸች። አዳዳ ማማሰያውን እንደያዙ፣ በቀጭን ድምፅ «የምታጠባ ናት፤ ተፈቅዶላታል» አሉ። ከበሩ አልተነሳሁም። እሳቸውም እኔን አይተው ቀሪውን ጨመሩ፦ «የወንድሜን ልጅ ሚስት ከልክያት ሞታለች።»

ደስ አለኝ። ልዋሽሽ አልችልም። ያን ሁሉ ሰው ፊት ሲናገሩት ደስ አለኝ። ራህማ ጎርሳ ጎርሳ ውኃዋን ስትጠጣ፣ ያ ጉርሻ ሁሉ አምና አንቺ አፍ መግባት የነበረበት ነው እያልኩ፣ ደስ እያለኝ እንባዬ ወረደ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር።

ስትጨርስ አዳዳ ሳህኑን አነሱና ወደኔ መጡ። «ይበቃሃል?» አሉኝ።

«ነገም አለ» አልኳቸው።

ትናንትም ነበሩ፣ ዛሬም ነበሩ። ዛሬ ሁለት የሰፈር አራሶች ከበሩ ውጭ ቆመው እያዩ ነበር፤ አዳዳ ሳላዛቸው ጠርተው አስገቧቸውና አበሏቸው። ይሄ ከቅጣቱ ውስጥ አልነበረም። ልቤ ግን በዚህ እንዲበርድ አልፈቀድኩለትም።

ስምሽን በየሰላቱ እጠራለሁ። ኢክራም ነፍስ ስታውቅ ሁለት እናት እንዳላት፣ አንዷ ምን እየተነፈጋት እንዳጠባቻት እነግራታለሁ። ይሄን ቃል ተቀበዪኝ። አዳዳ የአላህ ቀን ደርሶ አንቺ ጋ ሲመጡ ያሻሽን በያቸው፤ ሐቁ ያንቺ ነው፣ ብትምሪያቸውም አልቀየምሽም። እኔ ግን የምታጠባ ሴት በዚያ ቤት እስካለች፣ ዕድሜ ከሰጠኝ፣ ረመዳን በመጣ ቁጥር አልቀርም። ነገም ከዙህር በፊት በሩ ላይ ነኝ።