የመላኩ ሻንጣ ቁጥሮች

ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 10፡00
ዛሬም የማስተምረው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ የት/ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ቀረሁ። የመላኩ ሻንጣ ቁልፍ ሦስት ተሽከርካሪ ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 9። ስንት መሞከር ይኖርብኛል? ኤክሴል ላይ የአደራደር ብዛት የሚያሰላውን =PERMUT(10,3) ጻፍኩ። 720። አነሰብኝ። ለካ እንደ 335 ያለውን፣ አኃዝ የሚደግመውን አይቆጥርም። =PERMUTATIONA(10,3) ስለው ሺህ አለኝ።

ሺህ! ይቻላል። ከ000 በተርታ።

ባሌን መላኩን ክረምት ላይ ለከብት ክትባት ወደ በየዳ እንደወጣ ወንዝ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም። ዘመዶቹ ሻንጣው ውስጥ ያለው ልብሱ ይከፋፈል እያሉ ነው። ሻንጣውን ልስበረው ስል አማቴ እማማ ጥሩ እንቢ አሉ። "የልጄ እቃ በመዶሻ አይነካም።"

ጥቅምት 16
ደባርቅ ጉም ውጧታል። ጣቴ ደነዘዘ። 418 ላይ አቁሜ ሻንጣውን አልጋው ሥር መለስኩት።

ጥቅምት 17፣ ጠዋት
431 ላይ አገኘሁት። ተሳስቼ ይሆን? ቤት ያለነው እኔና እማማ ጥሩ ብቻ። የእሳቸው ዓይን ደግሞ አያይም።

ጥቅምት 19፣ ከምሳ በኋላ
ጠዋት 560 ላይ ትቼ፣ መኝታ ቤቱን ቆልፌ፣ ቁልፉን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ስመለስ 588። መስኮቱ ዝግ። የተዘለሉትን ተመልሼ ሞከርኩ፤ አንዱም አልከፈተም። እንደ እኔው በተርታ የሚሞክር አለ። ማስታወሻዬ፣ ለማን ልንገር? አበደች ነው የሚሉኝ።

ጥቅምት 20
እማማ ጥሩን ጠየቅኳቸው። በሩን መቆለፍ ሳልጀምር፣ እኔ ስወጣ እየገቡ በዳሰሳ ያዞሩት እንደነበር አመኑ። ቀለለኝ። መቆጣትም አልቻልኩም።
"ካልተከፈተ ባለቤቱ መጥቶ ይከፍተዋል ብዬ ነው። ወደ ኋላ ነበር የምመልሰው፣ ልጄ።"
ወደ ኋላ? እኔ ያገኘሁት ወደ ፊት ሄዶ እኮ ነው። ደግሞስ ትናንት በሩ ተቆልፎ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።
"እንግዲያው እሱ ነዋ! ተይው፣ ይክፈተው።"


ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ ረፋድ
ከረቡዕ ወዲህ አልነካሁትም። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ 742። እጄን ስሰድ እማማ ጥሩ ክንዴን ያዙኝ። ያኔ፣ እዚያው ዓይኔ ሥር፣ ቀጭ አለ። 743። ሁለታችንም ሰማን። አልጮህንም። እሳቸው አለቀሱ፤ እኔ ቀስ ብዬ እጄን ሰበሰብኩ።

ከእንግዲህ አልሞክርም። ለዘመዶቹም አልሰጥም እላለሁ። የመኝታ ቤቱን በር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አልቆልፈውም።