የአስፋልቱ ፒክ አፕ እና የኮረኮንቹ ፒክ አፕ

ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀመንበር
በቢሮዎ፣ ቢሮ ከሌሉም በመኪናዎ ውስጥ
ቦሌ ሚካኤል

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤንነትዎን ነገር እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ስብሰባ ላይ በሁለት እጅዎ ደግፈውት ሲነሡ አይቼ አዝኜ ነበር፤ አዲሱን ፒክ አፕ ለራስዎ የመደቡት ለወገብዎ ሲሉ መሆኑን እዚያው ስሰማ ግን ተጽናናሁ። በዚሁ ስብሰባ ሕዝቡ ሳይፈራ ሂሱን በጽሑፍ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ ብለው ስላዘዙ፣ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ይህን ጽፌ ለጥፌአለሁ። እስከ ዛሬ ሌላ የለጠፈ ሰው ስለሌለ ቦታ አላጣሁም።

ኤርሳዶ ሀንዲሶ እባላለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከብረት በያጆቹ ጎን የምኖር፣ ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ፊደል የማስቆጥር፣ የዘርፌ ባል ነኝ። ዘርፌን ያስታውሷታል ብዬ አምናለሁ፤ ባያስታውሷትም ከዚህ በታች አስታውስዎታለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና አለብኝ። ለክሊኒካችን ነፍሰ ጡርና ሕሙማን የሚያመላልሱ ሁለት ፒክ አፖች በእርስዎ አመራር ተገኝተዋል። ሁለቱም አራቱም ጎማቸው የሚጎትት፣ ጭቃ የማይበግራቸው ናቸው። የሚለያዩት በፊት እግራቸው ነው። የአሮጌው የፊት እግር ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ በተጋደመ አንድ ወጥ ብረትና በወፍራም ንብርብር ባሌስትራ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ግራው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቀኙም አብሮ ይንገጫገጫል፤ ጋቢና ውስጥ ያለ ሰው ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይነካል። አዲሱ ግን በጥቅልል ሞላ ላይ የተቀመጠ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይወርዳል፣ ለብቻው ይወጣል፤ የአንዱን ድንጋይ ሌላው አይሰማም። በውይይት ክበብ ካስተማሩን ተነሥቼ ሳየው፣ አሮጌው መከራን በጋራ የሚካፈል እውነተኛ ኅብረተሰባዊ መኪና ሲሆን፣ አዲሱ ጎማው ሁሉ ለራሱ ብቻ የሚያስብ የለየለት ንዑስ ከበርቴ ነው። ሰፊው ሕዝብ በእንዲህ ያለ መኪና ምቾት እንዳይበላሽ ብለው፣ ንቃትዎ የላቀ ነውና፣ ራስዎ ተቀምጠውበት በቁጥጥር ሥር ማዋልዎን እንደ መሥዋዕትነት እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛ፣ አሠራርዎ አስገርሞኛል። አዲሱ መኪና አስፋልት ዳር ካለው ቤትዎ ይነሣል፤ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ፣ እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለው ላይ፣ ወደ ስብሰባ ይሄዳል፤ በዚያው ይመለሳል። ለበዓል በግ ጭኖ አይቼዋለሁ፤ በጉም የተመቸው ይመስል ነበር። አሮጌው ደግሞ ታክሲ በማይገባበት በእኛ ኮረኮንች ላይ ይውላል። ለስላሳው ለለስላሳው፣ ደረቁ ለደረቁ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ድልድል ያለ ብዙ ጥናት የሚገኝ አይደለም።

ሦስተኛው የአምናው ኅዳር ነገር ነው። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ዘርፌ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አንድ ጠዋት ደም አየች። የክሊኒኩ አዋላጅ ኣብርሀት ቶሎ ሆስፒታል ትድረስ፣ በምንም ዓይነት ግን እንዳትናጥ ብላ አስጠነቀቀችን። አዲሱ ፒክ አፕ የአንድ ሰልፍ ዝግጅት ለማየት ከእርስዎ ጋር ሄዶ ነበር። ስለዚህ ሾፌሩ ሱልጣን አሮጌውን ይዞ መጣ። ሱልጣን መኪናውን ያውቀዋልና፣ ጋቢናው የፊት ጎማው አናት ላይ ስለሆነ ይጎዳታል፣ ከኋላ ፍራሽ ዘርግተን በሰው መካከል እናስተኛት፣ ባሌስትራ ጭነት ሲያገኝ ይለዝባል፣ ባዶውን ሲሆን ይራገጣል አለን። ጎረቤታችን እትዬ የሻሽወርቅ ግን እሳት ጎርሰው መጡ። የሰው ልጅ፣ ያውም እርጉዝ፣ እንደ ማዳበሪያ ከኋላ አትጫንም፣ ክብሯ ጋቢና ነው አሉ። እንደሚያውቁት በእኛ ሰፈር ሽማግሌ፣ ሙሽራና በሽተኛ ጋቢና ይቀመጣል፤ ከዚህ ክብር ማውረድ እንደ ስድብ ነው። እሺ ብለን ዘርፌን ጋቢና አስቀመጥናት። ያም ቢሆን መኪናው እንዲረጋ ብለው ጎረቤቶቻችን፣ በያጆቹ ሳይቀሩ ሥራቸውን ጥለው፣ ከኋላ ተሳፈሩ። እትዬ የሻሽወርቅ ራሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። መኪናው ቁጭ አለ፤ ሱልጣንም ደስ አለው።

ከዚያ በቀበሌው በር ስናልፍ ጥበቃዎችዎ አስቆሙን። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው ተባለ። ስብሰባ ሳይሆን ክብደት መሆናቸውን ሱልጣን ቢያስረዳ ሰሚ አላገኘም። ሁሉም ወረዱ። እኔም ወርጄ፣ መታወቂያዬን ሰጥቼ፣ መኪናው ባዶ ጀርባውን እያራገጠ ቁልቁል ሲሄድ ቆሜ አየሁ። በኋላው መስታወት በኩል የዘርፌ ራስ ሲወጣና ሲወርድ ይታየኝ ነበር።

ሴት ልጅ ነበረች። እናቷ አንድ ጊዜ አየቻት፤ እኔ አልደረስኩም። ጓድ ሊቀመንበር፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ይህን በሌላ አነጋገር አሳምሬ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

አራተኛ፣ ደስታዬን ላካፍልዎ። ዘርፌ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ትወልዳለች ተብሏል። ኣብርሀት ያንኑ ማስጠንቀቂያ ደግማዋለች። ስለዚህ ለዚያች ቀን ብቻ አዲሱ ፒክ አፕ እንዲፈቀድልን ለቢሮዎ አመልክቼ ነበር። መኪናው ለሥራ የተመደበ ስለሆነ አይቻልም የሚል መልስ በማግስቱ ደረሰኝ። የስኳር ተራም ሆነ የቤት ቆጠራ ማስረጃ በዚህ ፍጥነት ተሰጥቶኝ አያውቅምና ላሳዩት ትጋት ከልብ አመሰግናለሁ።

መኪናዎን ከእንግዲህ አልጠይቅም። በያጆቹ ከቱቦ ብረት ቃሬዛ ሠርተውልናል። ዘርፌን እስከ አስፋልቱ ድረስ በትከሻ እንወስዳታለን፤ ከዚያ ታክሲ ይገኛል። ተሸካሚዎቹ ድንጋይ ሲያዩ ይዞራሉ፣ ጉድጓድ ሲያዩ ይቆማሉ፤ አሮጌው ፒክ አፕ ይህን አያደርግም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ስብሰባ አለመሆናቸውን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጥበቃዎችዎ እንዲሰጥልኝ። እንደ ባለፈው በሩ ላይ ወርደው ቢቀሩ፣ ቃሬዛው ብቻውን አይሄድም።

በዚህ ጽሑፍ ላይ ጥያቄ ካለዎት ቤቴ ይታወቃል። ጥበቃዎችዎ ሌሊት በመምጣት እንዳይደክሙ፤ ቀንም እገኛለሁ።

ወገብዎ እንዲጸና፣ አስፋልትዎ እንዳይሰነጠቅ፣ ሞላዎም እንዳይላላ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣ፣

የቀበሌዎ ነዋሪና የአንዲት ስም ያልወጣላት ልጅ አባት
ኤርሳዶ ሀንዲሶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሱልጣን እንደነገረኝ፣ የአዲሱ ፒክ አፕ የፊት እግር ከተሰበረ መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም። እንግዲህ አያድርገውና መኪናው ቆሞ የወገብዎ ሕመም የተነሣ ቀን፣ ሰው ይላኩብን፤ አሮጌውን ይዘን ፈጥነን እንመጣለን። የእኛ ሰፈር ሰው ክብር ያውቃል፤ እርስዎን ፍራሽ ላይ ከኋላ አንጭንም፣ ጋቢና እናስቀምጥዎታለን። ከኋላ ግን ማንም አይሳፈርም፤ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው።