የጋሼ ውሃ ልክ

ጥቅምት 4

ማተሚያ ቤት ዋልኩ። የአንድ ባለሥልጣን የሕይወት ታሪክ እያረምኩ። ሰውዬው በሠላሳ ገጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተወልዷል። አንዱን ልደት ሰረዝኩለት።

ማታ ቤት ስገባ የመጻሕፍት መደርደሪያዬ ጎብጦ አየሁት። መሃሉ ሰምጧል። ታላቅ ወንድሜ ከሃያ ዓመት በፊት በእጁ የሠራው ነው። ጋሼ አናጢ ነው፤ ሚስቱን ብትሰድብ ዝም ይል ይሆናል፣ ሥራውን ግን አትነካም። ደስ እያለኝ ደወልኩለት።

"መደርደሪያህ እጅ ሰጠ።"

"የኔ እንጨት አይደለም፤ ያንተ መጻሕፍት ናቸው። ውሸት ይከብዳል።" ከዚያ ሳል... ረጅም ሳል። "ውሃ ልክ አስቀምጥበትና ከዚያ ታወራለህ።"

ውሃ ልክ፣ ያ አረፋ ያለበት የአናጢ መለኪያ፣ የለኝም። ደህና ሰው ቤቱ ውሃ ልክ ያስቀምጣል?

ጥቅምት 7

አሁን ደግሞ የበሩ መቃን ጎበጠ። ባለቤቴን ጠራኋት።

"ቀጥ ያለ ነው።"

"እስቲ ደግመሽ እዪው።"

"በሩንማ አየሁት። ደግሜ ማየት ያለብኝ አንተን ነው።"

እውነቷን ነው። ከቀኝ ዓይኔ ጥግ ጥቁር ነገር እንደ መጋረጃ ወርዷል። ይሄን ሁሉ ቀን እንጨት ስወቅስ...

ጥቅምት 8

ሐኪሟ ልጄ ብትሆን አይገርምም። "አባባ" ትለኛለች። ረቲናው፣ ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ተቀዷል አለች። በቀዳዳው ፈሳሽ እየገባ ከጀርባው ግድግዳ አላቆታል።

"መቼ ጀመረዎት?"

"መደርደሪያው የጎበጠ ቀን።"

አልሳቀችም። መሃሉም ተነሥቷል አለች፣ ማንበቢያው። "ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ..." አልጨረሰችውም። አራሚ ነኝ፤ የጎደለውን ቃል አውቀዋለሁ።

የግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለጌጥ ነው። ብርሃን፣ ጥላ፣ ትልልቅ ፊደል፤ በቃ። እኔ ማለት የቀኙ ነኝ።

ጥቅምት 10

ዓይኔን ተሠራሁ። በወፍራም እስክሪብቶ በግራ ዓይኔ እየጻፍኩ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ዝሆን ያክላል።

የገባኝን ልጻፍ። ዓይኔ ውስጥ የነበረውን ዝልግልግ አውጥተው ጋዝ ሞሉበት። ጋዙ ረቲናውን እየገፋ የሚለጥፈው መስሎኝ ነበር። "ግፊቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም" አለች። ሥራው መድፈን ነው። ጋዝና ውሃ የሚገናኙበት ገጽ የተወጠረ ነው፤ በዚህ ውጥረት ምክንያት አረፋዋ በትንሿ ቀዳዳ ሾልካ አታልፍም፣ ውሃውንም አታሳልፍም። አዲስ ውሃ ካልገባ፣ ከረቲናው ሥር ያሉት ሴሎች የቀረውን ራሳቸው መጥጠው ያወጡታል። ከዚያ በሌዘር ጨረር ያቃጠሉት የቀዳዳው ዙሪያ ጠባሳ ይሆንና ይይዘዋል። ለካ የምንያያዘው በጠባሳ ነው። (ሌላ ሰው ቢጽፈው እሰርዝበት ነበር።)

ችግሩ አረፋ ሁልጊዜ ወደ ላይ መሄዷ ነው። የኔ ቀዳዳ ያለው ከኋላ። ስለዚህ የዓይኔ ጀርባ ወደ ላይ እንዲሆን ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ መቆየት አለብኝ። ስበላም ስተኛም። የተቀጣ ተማሪ መስያለሁ።

ሌላም አለ። ተራራ መውጣት ክልክል። ከፍታ ላይ የውጪው አየር ይሳሳል፣ ታሽጋ ያለችው አረፋ ታብጣለች፣ ዓይን ደግሞ አይለጠጥም። "ዓይንዎ ይጠፋል" አለች። ይሄኛውን ጨረሰችው።

ጥቅምት 12

የጋሼ ልጅ ደወለች። አባቷ ብሶበታል። የዕድሜ ልክ ሰጋቱራ ሳንባው ውስጥ ተቀምጧል። ሐኪሙ "ዘመድ ካለው ይምጣ" ብሏል። የጋሼ ከተማ ተራራው አናት ላይ ነው።

ልሂድ? ሄጄስ... ዓይኔን መንገድ ላይ ጥዬ፣ በድንብስ ላየው? ባለቤቴን ጠየቅኳት። ሰሃን ማጠቧን አላቆመችም። "እኔ ሂድም አልልህም፣ ቅርም አልልህም። በኋላ በእኔ ልታሳብብ ነው።"

ስደውል ስልኩን ጋሼ ራሱ ተቀበለ። የአረፋዋን ነገር ነገርኩት።

"እንዳትወጣ። እኔ እወርዳለሁ።"

"አንተ? ስንት ዓመት ሙሉ ስንለምንህ ቤቴን ጥዬ የት ስትል..."

"አንተ ብትወጣ ትፈነዳለህ። እኔ ብወርድ እተነፍሳለሁ። ታች አየሩ ወፍራም ነው አሉ።"

ጥቅምት 14

መጣ። በግራ ዓይኔ ያየሁት ጫማውን ነው። ቡናማ፣ ሰፊ፣ ቀስ የሚል።

እሱ ከተጋደመ ይታፈናል፤ ትራስ ተደርድሮለት ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። እኔ ቀና ማለት አልችልም። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡን። "አንዱ አይተኛ፣ አንዱ አይነሣ" አለች ባለቤቴ፣ "ምን ዓይነት ዘር ውስጥ ነው የገባሁት?"

"ቀና በልና ልይህ" አለ።

ትንሽ ቀና አልኩ። ለእሱ ይሁን እንጂ ለእኔ ምንም። አረፋዋ ቀኝ ዓይኔን ሞልታው ሁሉም ነገር ጉም ነው፤ በግራዬም ፊቱ ጥላ ብቻ ነው። ትእዛዝ መጣሱ እንኳ አይጠቅምም።

"ከስተሃል።"

"አንተስ?"

"እኔማ አምሮብኛል።"

ከዚያ ሻንጣው ሲከፈት ሰማሁ። የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ማጅራቴ ላይ አረፈ። ውሃ ልኩን ይዞት መጥቷል! ታሞ ሊሞት የመጣ ሰው ውሃ ልክ ይይዛል?

"ወደ ግራ ዘመሃል። ትንሽ... ትንሽ... በቃ! ባለህበት።"

"ዳንኩ?"

"መስመር ገባህ። በስልሳ ሦስት ዓመትህ።"

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ እስኪያልቅ ጫማውን አየሁ።

ጥቅምት 17

ጫማውን ትቶ ነጠላ ጫማ አደረገ። እግሩ አብጧል። ማንም አልነገረኝም፤ የማየው እግሩን ብቻ ነው።

ጥቅምት 20

ቀና እንድል ተፈቀደልኝ። አረፋዋ ቀንሳለች። ዓይን ሁሉን ገልብጦ ስለሚቀበል፣ ላይ ያለችው አረፋ ለእኔ ከታች ነው የምትታየኝ፤ እንደ ውሃ፣ ከነመስመሯ። ዓለም የሚጠራው ከላይ ወደ ታች ነው። ዛሬ ኮርኒሱን አገኘሁ። መቀባት አለበት።

ጥቅምት 22

የጋሼ ግንባር። ፀጉሩ እንዲህ ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 23

ቅንድቡ። ዓይኖቹ። ገብተዋል... ከዚያ በታች ውሃ ነው። ድምፁ ከውሃው ሥር ይመጣል።

"ምን ታፈጥብኛለህ?"

"አፍንጫህ ጋ ደርሻለሁ።"

"ቶሎ በላ።"

ጥቅምት 24

ጋሼ የለም። ቁጭ እንዳለ ነው። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ገብታ፣ ሻዩን ይዛ ወጣች።

አፉን አላየሁትም።

ጥቅምት 25

ወደ ከተማው ወሰዱት፤ ወደ ላይ። ሁሉም ሄዱ። በር ላይ ቆሜ የመኪናውን ጣሪያ አየሁ። ጎማው ውሃ ውስጥ ነበር። አረፋዋ ገና አልሟሟችም፣ እኔ ቀረሁ።

የጋሼ ልጅ ስትሰናበተኝ ውሃ ልኩን እጄ ላይ አደረገችልኝ። "ለአንተ ይሁን ብሏል" አለች። ሌላ የተናገረው ነገር ካለ አልጠየቅኋትም።

ኅዳር 3

አረፋዋ የአተር ፍሬ አክላለች። ስራመድ ትንቀጠቀጣለች።

ኅዳር 6

ጠዋት ፈለግኳት። የለችም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር 9

ሐኪሟ አየችኝ። ረቲናው ተለጥፏል፣ ፊደልም አነበብኩላት። "ግን መሃሉ ተነሥቶ ስለነበር፣ ቀጥ ያለ ነገር ተወላግዶ ሊታይዎት ይችላል። ሊሻሻል ይችላል፣ ላይሻሻልም ይችላል።"

ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ጎብጧል። ልክ እንደዚያን ቀን፣ መሃሉ ሰምጦ።

መጻሕፍቱን አወረድኩ። የጋሼን ውሃ ልክ መሃሉ ላይ አስቀመጥኩት። አረፋው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ቆመ። ጫፉ ላይ ሞከርኩ። ያው። ሌላኛው ጫፍ ላይ። ያው።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ጎብጧል?"

"አልጎበጠም።"

መጻሕፍቱን አብራኝ መለሰች።

ነገ ሥራ እገባለሁ። ባለሥልጣኑ እየጠበቀኝ ነው። ረድፉ ሁሉ መሃል ላይ ይሰምጥብኛል። ቀጥ ያለ ነው እያሉ ማንበብ ነው እንግዲህ።